አራት ሰው፣ ስድስት ጥምቀት፦ ለድሬዳዋ አብያተ ክርስቲያናት አባቶችና መጋቢዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በድሬዳዋ ከተማ ለምታገለግሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አባቶች፣ የካቶሊክ ካህናትና ደናግል፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መጋቢዎችና ሰባክያን፤

የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ገንደ ቆሬ ተወልጄ ያደግሁ፣ 34 ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ የዚህች ከተማ ልጅ ነኝ። ኦርቶዶክሳዊት ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለአንዳችሁ ለይቼ መላክ እችል ነበር። የደረሰብን ነገር ግን የአንድ ደብር ወይም የአንድ ሰባኪ ጥፋት ብቻ አይደለምና ሁላችሁም በአንድ ላይ እንድታነቡት በግልጽ ጻፍሁት።

ባለፈው ነሐሴ 14 ወንድም ጋሼን ቀበርን። በ40 ቀኑ ክርስትና የተነሣ፣ በ20 ዓመቱ ደግሞ ወደ ወንጌላውያን ሄዶ እንደገና በውኃ የተጠመቀ ሰው ነበር። ሲታመም አንድ ነገር ብቻ ለመነን፤ አባታችን አጠገብ እንዲቀበር። አባታችን ያረፈው በአንድ ደብር ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። ቀድመን በስልክ ጠየቅን፤ «አምጡት» ተባልን። አስከሬኑን ይዘን በሩ ላይ ስንደርስ ግን የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ወጥተው «ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው እዚህ አይገባም» አሉን። የድሬዳዋን የነሐሴ ቀትር ታውቁታላችሁ። ሳጥኑ ከበሩ ውጭ ቆመ። ግማሹ ዘመድ ይለምናል፣ ግማሹ ይቆጣል፣ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ግንቡን ተደግፋ ቆማለች። ከልጅነታችን ጀምሮ የሚያውቁን ጎረቤታችን ሐጂ «ሬሳ በፀሐይ አይቆምም» ብለው ልጆቻቸውን ልከው ሸራ አስመጡ። የእሳቸው አፎቻ፣ የሙስሊሙ ዕድር ማለት ነው፣ ሰዎችና የእኛ ዕድር ሰዎች አራቱን ጫፍ ይዘው በሳጥኑ ላይ ወጥረውት ቆሙ። አርባ ደቂቃ ያህል እንዲሁ ቆመናል።

በመጨረሻ ወደ ሌላ መካነ መቃብር ሄድን። እዚያ በር የዘጋብን ሰው የለም። ነገር ግን ወንድሜን በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ አንድ ወጣት ሰባኪ ተነሥቶ፣ የሟቹን ታሪክ በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨርሶ፣ ቀሪውን ጊዜ በታቦትና በቅዱሳን ስለሚታመኑ፣ ስለዚህም ስላልዳኑ ሰዎች ሲናገር ዋለ። የሟቹ እናት ከፊቱ ኩርሲ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከዚያ ወዲያ እስክንመለስ ድረስ ፊቷን አላየሁትም።

ማታ ድንኳን ውስጥ ሰው ሲሳሳ እናቴ ጠራችኝና እንዲህ አለችኝ፤ «እኔ ሁለት ጊዜ ነው የተጠመቅሁት። እሱም ሁለት ጊዜ ነው የተጠመቀው። የትኛው ነው የሚቆጠርልን?»

እናቴ በሕፃንነቷ ሐረር በካቶሊክ እናቶች እጅ ያደገች ናት፤ ክርስትና ያነሷትም እነሱ ናቸው። የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረውን አባቴን ስታገባ በእሱ ቤተ ክርስቲያን እንደገና ተጠመቀች። አባቴ አንድ ጊዜ፣ እኔ በ80 ቀኔ አንድ ጊዜ፣ እናቴ ሁለት ጊዜ፣ ወንድም ጋሼ ሁለት ጊዜ። አንድ ጣሪያ ሥር በኖርን አራት ሰዎች ላይ ስድስት ጥምቀት ተፈጽሟል። ጸሎተ ሃይማኖት ስንደግም ግን «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኀጢአት» እንላለን። ኒቅያ ጀምሮ የቁስጥንጥንያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ381 የፈጸመው ቃል ነው፤ ካቶሊኩም ያምንበታል፣ ከወንጌላውያንም ብዙዎቹ ይቀበሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። «ሁላችንም አንድ ነን፣ ልዩነቱን ሰው ነው ያመጣው» የሚለውን ንግግር አልወደውም። ልዩነት አለ፤ ትልቅ ነው፤ ሰዎች ሞተውበታል። ልጅ ሆኜ አባቴ ከወንድም ጋሼ ጋር ስለ እመቤታችን አማላጅነት ሲከራከር እራት ሳንበላ ያደርንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ክርክሩን እንድትተዉት አልጠይቃችሁም። የምጠይቃችሁ የምትከራከሩት ሌላው በእውነት በሚያምነው ነገር ላይ እንዲሆን፣ ሙግቱም ከሳጥን ፊት ዞር እንዲል ነው።

በየዐውደ ምሕረቱና በየአዳራሹ የምሰማው ብዙው ነገር ሌላው ወገን የማያምነው ነው። ከራሴ ወገን ልጀምር። የእኛ ሰባክያን ወንጌላውያንን ሁሉ «ጴንጤ» በሚል አንድ ስም ጠቅልለው፣ «ሥላሴን ይክዳሉ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ «ኢየሱስ ብቻ» የሚባሉት ወገኖች ትምህርት ነው፤ መካነ ኢየሱስም ሙሉ ወንጌልም መሠረተ ክርስቶስም ትምህርቱን አይቀበሉትም፤ በእነሱ ዘንድም የተወገዘ ነው። ከወዲያ በኩል ደግሞ «ኦርቶዶክሶች ማርያምን ያመልካሉ» ይባላል። ቤተ ክርስቲያናችን የአምልኮ ስግደትንና የጸጋ ስግደትን ለይታ ታስተምራለች፤ አምልኮ ለሥላሴ ብቻ ነው። ልዩነቱ አያሳምነኝም የሚል ሰው «አያሳምነኝም» ይበል። የለም ማለት ግን ሐሰት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ስለ ክርስቶስ መለኮትና ሰውነት የተለያየንበት የኬልቄዶን ጉባኤ ነገር ነው፤ ምክንያቱም 1,500 ዓመት ተሻግሮ እኛ ሰፈር ደርሷል። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስባት የተወለደች ከተማ ናት። በባቡሩ ዘመን ግሪኩም አርመኑም ፈረንሳዩም ነግደውባታል። ግሪኩ ኬልቄዶንን የሚቀበል ኦርቶዶክስ ነው፣ አርመኑ እንደ እኛ የማይቀበል ነው፣ ፈረንሳዩ ካቶሊክ ነው። ከተማዋ ሳታውቀው ያን ጉባኤ የተቀበለውንም ያልተቀበለውንም ወገን በአንድ ገበያ አዋለች። እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገው ያ ጉባኤ የእስክንድርያውን ፓትርያርክ ዲዮስቆሮስን ከመንበሩ አወረደ። እኛ መስከረም 7 ቀን እንደ ቅዱስ እናስበዋለን፤ ሮማ ደግሞ የዚያን ዘመን ጳጳሷን የልዮንን ደብዳቤ የሃይማኖት መለኪያ አድርጋ ትይዛለች። ይህ በአንድ ጉባኤ ዕርቅ የሚታጠብ አይደለም።

ነገር ግን ቃላቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። የኬልቄዶን ጉባኤ ስለ ክርስቶስ መለኮትና ትስብእት ሲናገር ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መከፈል፣ ያለ መለየት ይላል። በእኛ ቅዳሴ ካህኑ ከቁርባን በፊት በሚያሰማው እምነት ሥጋውን ከመለኮቱ ጋር አንድ ያደረገው ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ትድምርት፣ ያለ ፍልጠት፣ ያለ ውላጤ መሆኑን ይመሰክራል። እኔ የቋንቋ ሊቅ አይደለሁም። ቱሳሔ መቀላቀል፣ ውላጤ መለወጥ፣ ፍልጠት መለየት እንደሆነ ግን ማንም ዲያቆን ይነግራችኋል። ካቶሊኮች «ሁለት ባሕርይ» ሲሉ የእኛ ሰዎች ክርስቶስን ለሁለት የከፈለውን ንስጥሮስን ይሰማሉ፤ ካቶሊኮች ግን ንስጥሮስን እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን ካወገዙት ጋር ናቸው። እኛ ቄርሎስን ተከትለን «አንድ ባሕርይ» ስንል እነሱ ሰውነቱ በመለኮቱ ተዋጠ ያለውን አውጣኪን ይሰማሉ፤ እኛ ግን አውጣኪን እናወግዛለን። ሁለቱም ወገን ሁለቱንም መናፍቃን አውግዟል፤ ሁለቱም ሌላውን በተወገዘው ሰው ስም ይጠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ 3ኛ ስለ ክርስቶስ በጋራ ባወጡት መግለጫ ይህንኑ በአንድ ቃል መስክረዋል። የእኛ ሰባክያንም የካቶሊክ ካቴኪስቶችም ይህን መግለጫ ቢያነቡት ምናለ እላለሁ። ልዩነቱ አልቋል ለማለት አይደለም፤ የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በ2016 ዓ.ም. ከሮማ ጋር የሚያደርገውን የሃይማኖት ውይይት በሌላ ጉዳይ አቋርጧል። ውይይት የሚቋረጠው ግን ሲኖር ነው። እኛ ከተማ ውስጥ የትኛው ውይይት ነው የሚቋረጠው?

ወደ ጥምቀት ልመለስ፤ የቤቴ ቁስል እሱ ነውና።

ጥምቀት ይደገም አይደገም የሚለው ክርክር ከእናቴ በፊት 1,700 ዓመት ያህል ቀድሞ ተጀምሯል። በ3ኛው መቶ ዓመት የቅርጣግናው ኤጲስ ቆጶስ ቆጵርያኖስ «ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ጥምቀት የለም፤ ከመናፍቃን የመጣ ይጠመቅ» አለ። የሮማው ሊቀ ጳጳስ እስጢፋኖስ «አይደገምም፤ እጅ ይጫንበት» አለ። ክርክሩ መረረ፤ ቆጵርያኖስ በአቋሙ እንደጸና እ.ኤ.አ. በ258 በሰማዕትነት ሞተ። ሮማ ዛሬም በቅዳሴዋ የቆጵርያኖስን ስም ትጠራለች። ሊቀ ጳጳሷን የተቃወመውን ሰው!

ከዚያ በኋላ 318ቱ አባቶች በኒቅያ ተሰበሰቡ። ዓምና 1,700 ዓመቱ ታስቧል። ካወጧቸው 20 ቀኖናት ውስጥ ሁለቱን ለተማሪዎቼ አነብላቸው ነበር። 8ኛው በስደት የካዱትን አንቀበልም ብለው ስለተለዩት ስለ ኖቫትያኖስ ተከታዮች ነው፤ እጅ ተጭኖባቸው ይቀበሉ ይላል፣ ካህናቶቻቸውም በክህነታቸው እንዲቆዩ ይፈቅዳል። 19ኛው የክርስቶስን አምላክነት ስለካደው ስለ ጳውሎስ ሳምሳጢ ተከታዮች ነው፤ እነሱ ግን ፈጽሞ ይጠመቁ ይላል። እነዚያ አባቶች የተለየውን ሁሉ በአንድ ሚዛን አልመዘኑትም። ማን ምን ያምናል ብለው ጠየቁ፣ ከዚያ ለየብቻ ፈረዱ። እናቴን ማን ምን ብሎ ጠየቃት? በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም በውኃ የተጠመቀች ሕፃን ነበረች።

በአገራችንም ደሙ ገና አልደረቀም። ጳውሎስ ሳምሳጢን ሳይሆን እኛን ራሳችንን እንደገና ሊያጠምቁን የመጡ ነበሩ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ግእዙንም አማርኛውንም ተምሮ፣ በትዕግሥት ተናግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1622 ሞተ። ከእሱ በኋላ የመጣው የካቶሊክ ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ግን ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ አለ። አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ነደደ፤ ካቶሊክ ሆኖ የነበረው ንጉሥ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ይህን ታሪክ በየክፍሉ አስተምሬዋለሁ። ተማሪ ሁሉ በሜንዴዝ ይቆጣል። «ጥምቀታችሁ ጥምቀት አይደለም» መባል ምን ያህል እንደሚያም ለማወቅ ከእኛ የበለጠ ሕዝብ የለም። ታዲያ አባቶቼ፣ ከካቶሊክ የመጣችን ልጃገረድ ስናጠምቃት ያንኑ ቃል እየነገርናት አይደለም ወይ?

ወንጌላውያን ወንድሞቼም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም። የሕፃን ጥምቀትን የማይቀበሉ ወገኖች በዙሪክ ከተማ የመጀመሪያውን የአዋቂ ጥምቀት የፈጸሙት እ.ኤ.አ. በ1525 ነው፤ እሱም ዓምና 500 ዓመቱ ሆነ። ከእነሱ አንዱ ፌሊክስ ማንዝ እ.ኤ.አ. በ1527 በዚያው ከተማ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ እንዲሞት ተፈረደበት። የፈረደበት የካቶሊክ ከተማ አይደለም፤ ራሱ ተሐድሶን የተቀበለ ከተማ ነው። የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን፣ መካነ ኢየሱስም አባል የሆነችበት ማለት ነው፣ ሉተራውያን በእነዚህ ሰዎች ላይ ስላደረሱት ስደት እ.ኤ.አ. በ2010 ይቅርታ ጠይቋል። ለአራት መቶ ሰማንያ ዓመት ያህል የዘገየ ይቅርታ ነው፤ ቢሆንም ተጠየቀ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ይቅርታ ማን ለማን ጠይቆ ያውቃል?

በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ ጳጳስ ፍራንቸስኮስና የግብጹ ፓትርያርክ አቡነ ታዋድሮስ ካይሮ ላይ በጋራ በፈረሙት መግለጫ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደውን ሰው ጥምቀት ላለመድገም በቅንነት እንጥራለን የሚል ሐሳብ አለበት። በግብጽ ምእመናን ዘንድ ትልቅ ክርክር አስነሥቷል፤ ገና መቋጫ አላገኘም። የእኛ አባቶች ይህን ተቀበሉ ብዬ አላዝም፤ እኔ ማን ነኝ። ጥያቄው ግን ተዘግቷል አትበሉን።

አሁን ወደ ሥሩ ልግባ። ስለ ጥምቀት ስንጣላ ከሥር ያለው ጥያቄ «ማን ይወስናል?» የሚለው ነው። ኦርቶዶክሱ ቅዱስ ሲኖዶስና የአባቶች ትውፊት ይላል፤ ሃይማኖተ አበውን፣ ፍትሐ ነገሥቱን ይጠቅሳል። ካቶሊኩ ጳጳሳትን ከሮማው ጳጳስ ጋር ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1870 የቫቲካን ጉባኤ የጳጳሱን አለመሳሳት ደንግጎለታል። ወንጌላዊው መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ይላል። እያንዳንዱ የሌላውን መሠረት አሸዋ ነው ይላል። የኔ ልምድ እንደሚነግረኝ ግን በሥልጣን ነገር ያልቆሰለ ወገን የለም። እኛ ከ1984 እስከ 2010 ዓ.ም. ሁለት ሲኖዶስ ይዘን፣ በቅዳሴ የማንን ፓትርያርክ ስም እንጥራ ብለን ተጣልተናል። በ2015 ዓ.ም. ጥር ደግሞ ያለ ሲኖዶስ ፈቃድ ጳጳሳት ተሾሙ፤ ጥቁር ለብሰን የነነዌን ጾም ጾምን። ወንጌላውያንም «መጽሐፍ ብቻ» እያላችሁ፣ ራሱን ነቢይና ሐዋርያ ብሎ የሰየመ ሁሉ ተጠያቂ የሚሆንበት አካል አጥታችሁ ስትቸገሩ እናያለን። ስለዚህ ሥልጣንን እያነሣን ስንከራከር በኩራት አይሁን፤ ሁላችንም የታመምንበት ነገር ነው።

ስለዚያ የነነዌ ጾም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጥቁር ለብሼ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወንድም ጋሼ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «እኔ በሲኖዶሳችሁ የለሁበትም፤ ግን ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው» አለኝ። ሦስቱንም ቀን ማታ ማታ እየመጣ አብሮኝ ተቀመጠ። ምግብ አልቀመሰም፤ ጾሜን ላለማስፈታት ብሎ።

ይህን የተማረው ከአባታችን ይመስለኛል። በ1974 ዓ.ም. ደርግ መሠረተ ክርስቶስን ዘግቶ መሪዎቿን ሲያስር፣ ሌሎችም ወንጌላውያን በየቤቱ ተደብቀው በሚጸልዩበት ዘመን፣ ወንድም ጋሼና ጓደኞቹ አንዳንድ ሌሊት እኛ ቤት ጓሮ ክፍል ይሰበሰቡ ነበር። አባቴ እምነታቸውን ፈጽሞ አልተቀበለም። ውዳሴ ማርያሙን ይደግማል፣ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፣ የወንድሜ መሄድ አንጀቱን አቁስሎታል። ሆኖም በነዚያ ሌሊቶች ወንበሩን አውጥቶ በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ የቀበሌ ሰው ሲመጣ በኃይለኛው እንዲያስል። ሲያስል እነሱ ዝም ይላሉ። እናቴ ጀበናውን ታቀርባለች። አባቴ ያስላል፣ ልጆቹ ዝም ይላሉ፣ ጠባቂው ያልፋል። ከዚያ አባቴ ጠዋት ተነሥቶ ወንድሜን «የሰማኸውን ዘፈን መዝሙር ነው አትበለኝ» ብሎ ክርክሩን ካቆመበት ይቀጥላል።

አባቴ ይህን ከየት አመጣው ብዬ አስባለሁ። እሱ ያደገው ሐረርጌ ነው፤ ሐረርጌም ይህን ዓይነት ነገር አይታለች። ቁልቢ ገብርኤልን ያሠሩት ራስ መኰንን ቅን ኦርቶዶክሳዊ ነበሩ። ልጃቸውን ተፈሪን ግን በሐረር የካቶሊክ ሐዋርያዊ እንደራሴ ከነበሩት ከአባ እንድርያስ ጃሮሶ እንዳይማር አልከለከሉም። ልጁም ካቶሊክ አልሆነም፣ በአባቱ ሃይማኖት ነገሠ። ከዓመታት በኋላ የሐረርጌ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስ ቤተ ክርስቲያናችንን በዓለም አብያተ ክርስቲያናት መድረክ ላይ ያስከበሩ አባት ነበሩ፤ በ1963 ዓ.ም. ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ፣ በ1968 ዓ.ም. ደርግ ከመንበራቸው አወረዳቸው፣ በ1971 ዓ.ም. ክረምት ገደላቸው። በዚያው ክረምት የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ገደለ። በእነዚህ ሁለት አባቶች መካከል የነበረው የሃይማኖት ልዩነት በሞታቸው አልጠፋም። ግን አንዱን በሌላው ላይ አስነሥቶ የሚሰብክ ሰው ይህን ክረምት ያስበው።

ወደ ልመናዬ ልምጣ።

የመቃብር ጉዳይ ይጻፍ። አንድ ደብር ከእምነቱ የወጣን ሰው በቅጥሩ አላስቀብርም ቢል ሥርዓቱ ነው ሊል ይችላል፤ ፍትሐትም ለማያምንበት ሰው እንደማይደረግ አውቃለሁ፤ በዚህ ላይ አልሟገትም። ግን በዚህች ከተማ የተቀላቀለ ቤተሰብ ስንት ነው! ሕጉ ምን እንደሆነ ሰው በጤናው ይወቀው። የድሬዳዋ ሀገረ ስብከት፣ የሐረር ካቶሊክ ሰበካና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች ተቀምጣችሁ በአንድ ገጽ አስፍሩት፤ ለየዕድሩም ስጡት። ማን የት ይቀበራል፣ ቤተሰቡ ማንን አስቀድሞ ያነጋግራል፣ ካልተፈቀደ ማን ሄዶ በትሕትና ይነግረዋል። «አምጡት» ብሎ በር ላይ መመለስ ግን ይቅር። ሳጥን ከበር አይመለስ።

በመቃብር ላይ የሚሰብክ ሰው የሟቹን ቤተሰብ ይወቅ። ሐዘንተኛው ቤተሰብ በግማሹ የሌላ እምነት ከሆነ የዚያን እምነት ሰዎች የሚነካ ቃል አይናገር። መጋቢዎች፣ ይህን ለወጣቶቻችሁ ንገሯቸው፤ ያ ልጅ ክፉ አልነበረም፣ ያስተማረው ሰው አልነበረም። «ሙት አይጸለይለትም» የሚለውን ትምህርታችሁን አውቃለሁ። ሆኖም በዚያ ሰዓት ልጇን አፈር ውስጥ ለምትከት የ88 ዓመት ሴት ትምህርት አይነገራትም። ወንድሜ ዘመኑን ሁሉ በትዕግሥት የተማረበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከቀብር በኋላ መጥተው እናቴን እግሯ ሥር ተንበርክከው ይቅርታ ጠይቀዋታል። እሳቸው የጠየቁትን ይቅርታ ከደብሩ በኩል የጠየቀን ሰው ግን የለም፤ በራሴ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ የበለጠ አሞኛል።

ስለ ጋብቻም እንዲሁ ነው። ካቶሊክና ኦርቶዶክስ፣ ኦርቶዶክስና ጴንጤ ሲፋቀሩ ዛሬ የሚሆነው አንዱ በድብቅ ሌላው ጋ ሄዶ መጠመቁ ነው። ሁለቱን ልጆች ሁለቱም ወገን ካህናት አብረው አስቀምጠው ያነጋግሯቸው። ምን እንደሚያጡ፣ ምን እንደሚጠበቅባቸው፣ ልጆቻቸው የት እንደሚነሡ ሳይደብቁ ይንገሯቸው። እናቴን በ19 ዓመቷ ማንም ይህን አልነገራትም፤ «ነገ ትጠመቂያለሽ» ብቻ ነው የተባለችው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህ ቀላል ነው። ስለ ሌላው እምነት ከማስተማራችሁ በፊት ያንን እምነት የሚያስተምር አንድ ሰው ጋ ሂዱና «እንዲህ ብዬ ላስተምር ነው፤ እናንተ እንደዚህ ነው የምታምኑት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ተቃወሙት። ቦታ ከቸገራችሁ ግቢዬ ሰፊ ነው፣ ማንጎ ዛፍ ጥላ አለው፣ ቡና አፈላለሁ።

የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ እንዳለ አውቃለሁ፤ በክርስቲያንና በሙስሊም መካከል ሰላም ለማቆየት የሚያደርገውን አከብራለሁ። በክርስቲያኖች መካከል ላለው ጠብ ግን የሚቀመጥበት ጠረጴዛ አላየሁም። ዕርቅ የሚያስፈልገን ከሩቁ ጋር ብቻ መስሎን ይሆናል። ሌላ አገር ያሉ ክርስቲያኖች ፋሲካን እንኳ በተለያየ ቀን ያከብራሉ። በእኛ አገር ካቶሊኩም ወንጌላዊውም በባሕረ ሐሳቡ ቀን ከእኛ ጋር ትንሣኤን ያከብራል። ዶሮው በአንድ ሌሊት ይታረዳል፣ የድሬ ሰው እርስ በርሱ «እንኳን አደረሳችሁ» ይባባላል። ይህን ያህል ያለንን ይዘን ለአንድ ገጽ ስምምነት መቀመጥ አያቅተንም።

እናቴ በየማታው ትጠይቀኛለች። ባሏ አንድ ቦታ፣ ልጇ ሌላ ቦታ ነው። እኔ ደብዳቤ እየጻፍሁ እንደሆነ ነግሬያታለሁ። አንድ መልእክት ጨምሪልኝ አለችኝ።

ለወንድም ጋሼ ሙት ዓመት መቃብሩ ላይ እንድትገኙላት ትፈልጋለች፤ ከኦርቶዶክሱ አንድ ቄስ፣ ከካቶሊኩ አንድ አባት፣ ከወንጌላውያን አንድ መጋቢ። ፍትሐት እንደማይደረግ ነግሬያታለሁ፤ ተስማምታለች። ስብከትም አይኖርም። ሁላችሁም በየቤታችሁ የምትሉትን «አባታችን ሆይ»ን ብቻ አብራችሁ እንድትሉላት ነው። ከዚያ ቁርስ ቤታችን ነው፤ ጾም ስለሆነ የጾም ምግብ አዘጋጃለሁ።

ነሐሴ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ሐጂ ለማንኛውም ሸራውን ይዤ እመጣለሁ ብለዋል።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ጡረተኛ መምህርት
ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.